ለመጀመሪያ መኪና ትንሽ ኤስዩቪ ስትገዙ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚኖሩ ወጣቶች ዝርዝር መመሪያ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ የሚኖር ወጣት «መኪና ልገዛ ነው» ካለ ምክር አይቸግረውም። አጎቱ «ቶዮታ ካልሆነ እንዳትነካ» ይለዋል። ጓደኛው «ኤሌክትሪክ ግዛና ከቤንዚን ሰልፍ ተገላገል» ይለዋል። ደላላው ደግሞ የያዛት መኪና ሁሉ «ባለቤቷ ዶክተር ናቸው፣ ብዙም አልተነዳችም» ነው። ሁሉም ወሬውን ከመኪናው ይጀምራሉ። እኔ የምለው ከመንገዳችሁ ጀምሩ ነው። ከዋናው አስፋልት እስከ በራችሁ ያለው ቁራጭ መንገድና መኪናው የሚያድርበት ቦታ ከስሙም ከሞዴሉም በፊት ይመጣሉ።

ኮምፓክት ኤስዩቪ የሚባሉት ከቪትዝና ከዲዛየር ከፍ የሚሉ፣ ከፕራዶ ግን የሚያንሱ መኪኖች ናቸው። እኛ አካባቢ በብዛት የምናያቸው ቪታራ፣ ራቭፎር፣ ቴሪዮስ፣ ረሽና ተክሰን ናቸው። ከኤሌክትሪኮቹ ደግሞ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ የቮልስዋገን አይዲ ፎርና የቶዮታ ቢዚፎርኤክስ አሉ። ለጀማሪ ደህና ምርጫ ናቸው። ከፍ ብሎ መቀመጥ መንገዱን ያሳያል፣ ለማቆም አያስቸግሩም፣ ጉድጓድም ይችላሉ። ግን ሁሉም ለሁሉም ሰፈር አይሆኑም።

ደረጃ 1፦ መንገዳችሁን ለኩ

መኪና ማየት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሳምንት ያህል የምትመላለሱበትን መንገድ በገዢ ዓይን እዩት። ምን ያህሉ አስፋልት ነው? ምን ያህሉ ኮብልስቶን? ምን ያህሉ ኮረት ወይም ጥቁር አፈር? የተከፈተ ቦይ አለ? ትቦ የተቀበረበት ጉብታስ? ሜትር ይዛችሁ ወርዳችሁ የከፋውን ድንጋይና የከፋውን ጉብታ ብትለኩት አታፍሩበትም። ያ ቁጥር ለእናንተ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

አሁን ከመኪናው ሆድ እስከ መሬት ካለው ከፍታ ጋር አስተያዩት። ሱዙኪ ዲዛየር 163 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቪታራ 185 ገደማ፣ ጂምኒ 210፣ ከ2018 ወዲህ የተሠራው ቶዮታ ረሽ 220 ነው። («ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ዩዋን ፕላስ ባዶውን 175፣ አይዲ ፎር 170 አካባቢ ነው። ልብ በሉ፣ አምስት ሰውና የሳምንት አስቤዛ ሲጫን መኪናው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ «ኤስዩቪ ነው፣ ከፍ ያለ ነው» የሚለውን ወሬ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንዳንዱ ኤስዩቪ ቁመናው ነው እንጂ ሆዱ ከቤት መኪና ብዙም አይርቅም።

ክረምትንም አስቡ። በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ያለው ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። የጎማው ጥርስ አንዴ በጭቃ ከተሞላ መኪናው የሚነዳው ሳይሆን የሚንሸራተተው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፎር ዊል ያስፈልገኛል» ይላል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለጎማው ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጥሩ ጎማ የታሰረለት የፊት ጎማ ጎታች መኪና፣ ያለቀ ጎማ ካለው ፎር ዊል ይሻላል። ጎማ ደግሞ ማቆሚያም ነው። ፎር ዊል ያስነሳችኋል እንጂ አያቆማችሁም። በእርግጥ ቤታችሁ ጋ የሚደረሰው ገደላማ በሆነ የጭቃ አቀበት ከሆነ ፎር ዊል ሊያስፈልግ ይችላል። በቀን ሁለቴ 500 ሜትር ኮረት ለማለፍ ግን አያስፈልግም። ነዳጅ ይጨምራል፣ ጥገናም ይጨምራል።

ከፍታውም ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሱሉልታ ለመሄድ የምትሻገሩት የእንጦጦ ሰንሰለት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ይህ እኛ ጋ ሲደርስ ከአምስት አንድ እጅ እስከ ሩብ ይሆናል። ረሽ በወረቀት 104 የፈረስ ጉልበት አለው። እዚህ 80 አካባቢ ቀርቶለት ሰባት ሰው ጭኖ ሽቅብ ሲሄድ አስቡት። የሱሉልታ ልጅ ከሆናችሁ ወይ ቱርቦ ያለው፣ ወይ ሞተሩ ተለቅ ያለ፣ ወይ ኤሌክትሪክ ፈልጉ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ደረጃ 2፦ ገንዘባችሁን ሁሉ መኪናው ላይ አታፍስሱት

በእጃችሁ ካለው፣ ቤተሰብ ከደገፋችሁ፣ ከዕቁቡና ከብድሩ ተደምሮ ከሚመጣው ገንዘብ ቢያንስ 15 በመቶውን ለብቻው አስቀምጡት። ይህ የእኔ ልክ ነው፣ ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት እንዲያውም ከፍ አድርጉት። ስም ማዛወሪያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ አለ። አራት ጎማ መቀየር ካለባችሁ ብቻውን ወገብ ያጎብጣል።

ኢንሹራንስ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ በአዋጅ 799/2005 ተደንግጓል። እሱ ግን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ነው። የራሳችሁን መኪና አይሠራላችሁም። ጀማሪ ደግሞ መጫሩ አይቀርም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ። ውሉን ስትፈርሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። በእያንዳንዱ አደጋ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ስንት ነው? ስለ ወጣት ወይም ስለ አዲስ አሽከርካሪ የተለየ አንቀጽ አለ? ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ሲነዱት ቢጋጭ ይሸፍናል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፣ ወረቀቱ ላይ ያሳዩዋችሁ። ስፖኪዮና ጎማ ማታ ቢሰረቅስ የሚለውንም ጨምሩበት። በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ የሚደርስ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ውጤቱን ገበያው ላይ ታዩታላችሁ። የቤንዚን ኤስዩቪ ፍለጋ ስትወጡ በአብዛኛው የምታገኙት አገር ውስጥ ሲነዳ የቆየ ነው። ሃያ ዓመት የሞላት ራቭፎር የምትጠራው ዋጋ የሚያስደነግጣችሁም ለዚህ ነው። በዚያ ገንዘብ አዲስ ወይም ብዙ ያልተነዳ ኤሌክትሪክ የምታገኙበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ምርጫውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ መኪናው ማታ የት ያድራል?

የራሳችሁ ግቢ ካላችሁ ኤሌክትሪክ በጣም ያዋጣል። ቤት ያለው ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ይበቃል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፒር ቢሠራ በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሞላል። ስምንት ሰዓት ስታድሩ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። እነዚህ መኪኖች በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄዱ አንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ሰጣችሁ ማለት ነው። ከለገጣፎ ሜክሲኮ ደርሶ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። ግን ከሳሎን ሶኬት ኤክስቴንሽን ስቦ መሙላት የለም። ብቁ ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከርና ትክክለኛ የመሬት መስመር ይዘርጋላችሁ። ተራ ሶኬት ለስምንት ሰዓት ተከታታይ ጭነት አልተሠራም፣ ይሞቃል፣ ይቀልጣል። መብራት ስለሚጠፋም ባትሪው ከ40 በመቶ በታች ሳይወርድ መሙላት ልመዱ። ጭራሹን እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው መብራት በጠፋበት ሌሊት ይያዛል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ነገሩ ይቀየራል። ከበረንዳ ገመድ የሚያወርዱ ሰዎች አይቻለሁ። ዝናብ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ አታድርጉት። የግቢው ማኅበር መሙያ ለማስገባት ፈቃደኛ ከሆነ፣ ወይም ሥራ ቦታችሁ መሙላት ከቻላችሁ ጥሩ። ሁለቱም ከሌሉ መሙያ ጣቢያ ላይ ሰዓታችሁን ስታጠፉ ትኖራላችሁ። እንዲህ ከሆነ ደህና የተያዘ ቤንዚን መኪና ይሻላችኋል።

ኤሌክትሪክ ከመረጣችሁ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የፈጣን ቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ዓይነት ነው፣ ለአውሮፓ ከተሠራው ጋር አይገጥምም። ልታዘወትሩት ያሰባችሁት ጣቢያ የትኛው እንዳለው ሄዳችሁ እዩ። ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ከሆነ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ማንበብ አትችሉም፣ ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማ የላቸውም። ዩዋን ፕላስና አይዲ ፎር የሚመጡት ያለ ስኮርታ ነው። ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ አስቡበት። በወረቀት የተጻፈውን ርቀትም ቀንሱ። 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ዩዋን ፕላስ በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ይባላል። ያው ባትሪ ያለው መኪና በአውሮፓ መለኪያ 420 ነው። የእናንተ ሂሳብ ከ420ውም ዝቅ ብሎ ይጀምር።

ደረጃ 4፦ ከቁመናው በፊት ማዳኛውን

ከፍ ያለ መኪና ከቤት መኪና ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባል። ጀማሪ ሲደነግጥ ደግሞ መሪ በኃይል ይጠመዝዛል። ስለዚህ ዕድሜው ይርዘም ይጠር፣ ለወጣት የሚገዛ ኤስዩቪ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ እንዲኖረው አጥብቄ እመክራለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መኪና ከኋላው የተጠማዘዘ መስመር ትቶ ሲሄድ የሚያሳይ ምልክት ያለው መብራት ነው። መንሸራተት ሲጀምር እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ መኪናውን መስመሩ ላይ ያቆየዋል። ከእሱ ቀጥሎ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ከዚያ ኤርባግ። በ1990ዎቹ የተሠሩት አጫጭር ራቭፎሮች ቆንጆ ናቸው፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን አብዛኞቹ እነዚህ የሏቸውም። ለሁለተኛ መኪናችሁ አቆዩዋቸው።

በአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ የግጭት ፈተና ቪታራ በ2015፣ አይዲ ፎር በ2021፣ ዩዋን ፕላስ አቶ 3 በሚለው የውጭ ስሙና ቢዚፎርኤክስ በ2022 አምስት ኮከብ አግኝተዋል። ጂምኒ በ2018 ሦስት ነው ያገኘው። ጭቃ ላይ ጂምኒን የሚያህል ጥቂት ነው፣ የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ግን ሌሎቹን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ጨምሩ፦ የተፈተነው ለአውሮፓ የተሠራው ነው። እኛ ጋ የገባው የኤርባጉ ቁጥር ሊያንስ ይችላል። በር ውስጥ፣ ወንበር ጎን፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ የኤርባግ ጽሑፍ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ ሦስት ዕጩ ያዙ

አሥር ሞዴል እያሳደዱ መንከራተት ያደክማል፣ ደላላም ይጫወትባችኋል። ከላይ ባለው መስፈርት አጥሩና ሦስት ይቅሩ። ከዚያ አንድ ቀን የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ውረዱ። ለሦስቱም የፍሬን ሸራ፣ የፊት መብራት፣ የአንድ ጎን ስፖኪዮና የአሞርዛተር (ንጠራ የሚያረግበው ዕቃ) ዋጋ ጠይቁ። መኖሩንም ጠይቁ። የዚያ ቀን ድካም ብዙ ያስተምራል። «ቶዮታ ግዛ» የሚሉት አባቶቻችን እውነት ያላቸው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የሚያውቀው መካኒክ በየሰፈሩ አለ፣ መልሶ ሲሸጥም አያከስርም። በተቃራኒው ዱከም ይገጣጠም የነበረው ሊፋን ኤክስ 60 በዋጋው ይስባል። እናት ካምፓኒው ግን በ2020 ቻይና ውስጥ በኪሳራ ምክንያት መልሶ ማደራጀት ውስጥ ገብቷል። እሱን የምትገዙ ከሆነ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁ።

ደረጃ 6፦ መኪናውን ስታዩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ቀን፣ ደረቅ ላይ፣ ሳይታጠብ ብታገኙት ደግሞ ጥሩ ነው። እርጥብ መኪና የቀለም ጉድለቱን ይደብቃል። ለሻጩ አስቀድማችሁ «ሞተሩን እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሱት» በሉ። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካለ ቀድሞ ተነስቷል። ብርድ ላይ የሚያስቸግር ሞተር ሲሞቅ ደህና ይመስላል። «እስኪበርድ ሻይ ልጠጣ» ብላችሁ ጠብቁ።

ኮፈኑን ክፈቱና የዘይት ክዳኑን ገልብጡ። ከሥሩ የወተት አረፋ የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ባለ ቀለም ኩላንት ነው ወይስ የቧንቧ ውሃ? በእኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተር ሳይፈላ የሚቆየው በኩላንቱና ግፊቱን በሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ዝገት የመሰለ ውሃ ካያችሁ መኪናው እንዴት እንደተያዘ ነገራችሁ። ክዳኑን የምትከፍቱት ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ከዚያ አስነሱና ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ሞቆም ነጩ የማይቆም ከሆነ ውሃ እየገባ ነው። ጠዋት በብርድ ለትንሽ ጊዜ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ግን ምንም አይደለም።

ቁልፉን አንድ ደረጃ ስታዞሩ የኤርባጉ መብራት መብራት አለበት፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው። ኤርባጉ ፈንድቶ አምፖሉ ተነቅሎ ይሆናል። የኤቢኤሱንም፣ የሞተሩንም መብራት እንዲሁ እዩ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2010ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታና ሆንዳዎች ታካታ የተባለ ኩባንያ የሠራው ኤርባግ እንዲቀየር በወጣው ጥሪ ውስጥ አሉ። በእርጅና ሲፈነዳ ብረት የሚረጭ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ነው የተጠራው። በሻንሲ ቁጥሩ የአምራቹ ወኪል ጋ ጠይቁ።

ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጎማ ብዙ ታያላችሁ። ላስቲኩ ደርቋል፣ ዝናብ ላይ አይዝም። ዋጋውን ከመኪናው ላይ አስቀንሱ።

ከመኪናው ጎን ቁሙና ብርሃን በላሜራው ላይ ሲሄድ እዩ። ስቱኮ (ከቀለም ሥር የሚለጠፍ መሙያ) ያለበት ቦታ ብርሃኑ ይወላገዳል። የበርና የኮፈን ክፍተቶች በሁለቱም ጎን እኩል ናቸው? የፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ብሎኖች ቀለማቸው ተልጧል? መፍቻ አርፎባቸዋል ማለት ነው። ከዚያ ልብሳችሁን ሳትሳሱ ከሥር ግቡ፣ ወይም ጋራዥ ወስዳችሁ ከፍ አስደርጉት። ኤሌክትሪክ ከሆነ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወለሉ ሙሉ ባትሪ ነው። የባትሪው ሽፋን የገባ፣ የተቀደደ ወይም በጥልቅ የተጫረ ከሆነ የኮረት መንገድ መትቶታል። የመኪናው ውድ ዕቃ እሱ ነው፣ በዋጋ ቅናሽ አትታለሉ።

የሻንሲ ቁጥሩን 17 ፊደልና ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የመጀመሪያው ፊደል ኤል ከሆነ ቻይና፣ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ኬ ከሆነ ኮሪያ የተሠራ ነው። በቻይና መኪኖች ላይ 10ኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024። ሻጩ «የ2024 ናት» ብሎ ፒ ካያችሁ ዋጋው ላይ የምታወሩት አላችሁ። 

አሁን ንዱት። በተለመደ መንገድ ብቻ አይደለም፣ በእናንተ መንገድ። ሻጩን «ወንድሜ፣ እስከ ሰፈሬ ደርሰን እንመለስ» በሉት። አቀበት መሃል አቁማችሁ እንደገና ተነሱ። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ሞተሩ ጮሆ መኪናው ካልተጎተተ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮው ሲቀየር ይመታል? ኮብልስቶን ላይ መስኮት ዝጉና ሬዲዮ አጥፉ። ኳ ኳ የሚል ድምፅ የቴስቲና (የጎማው እግር መገጣጠሚያ) ወይም የአሞርዛተር ነው። ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሻጩ ነግራችሁ ፍሬን በኃይል ያዙ። መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ የለበትም። ኮረት ላይ ደግሞ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር መንቀጥቀጡ ኤቢኤሱ መሥራቱ ነው።

ለኤሌክትሪክ የሚሆን አንድ ቀላል ፈተና አለ። የባትሪውን መቶኛ መዝግቡና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ወደተነሳችሁበት ቦታ ተመለሱ፣ ሽቅቡና ቁልቁሉ እንዲካካስ። የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከሆነ 8 ወይም 9 በመቶ አካባቢ መቀነስ አለበት። 13 ወይም 14 ከቀነሰ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ የባትሪውን ጤና በመመርመሪያ ማሽን ሳታስነብቡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የራሳችሁን መካኒክ ውሰዱ። የእናንተ እንጂ የሻጩ ወይም የደላላው መሆን የለበትም። የሰፈራችሁ ጋሼ ቤንዚን መኪና በጆሮው የሚያውቅ ከሆነ ለቤንዚን እሱ፣ ለኤሌክትሪክ ግን በእሱ ላይ የሠለጠነ ሰው ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ

ሊብሬው ዋናው ይሁን፣ ኮፒ አይደለም። ሻጩ ራሱ ባለቤቱ ነው? በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይጨምር፣ አለመሻሩንም ውልና ማስረጃ አረጋግጡ። ያገባ ከሆነ የባለቤቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ፋይሉ የት እንዳለ ጠይቁ። ታርጋው አዲስ አበባ ነው ወይስ ኦሮሚያ? ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆኑ በእኛ አካባቢ ሁለቱም ይገኛል፣ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ግን ይለያያል። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የባንክ መያዣ እንዳልሆነ፣ ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለ ፋይሉ ካለበት አጣሩ። ቦሎው የዘንድሮ ነው? ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም የጉምሩክ ሰነዱን፣ እዩ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፣ መኪናው ምርመራ ካላለፈ እንደሚመለስ ይጻፍበት። ቀሪውን በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ክፈሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ አትዙሩ። «ስሙን በኋላ እናዛውራለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስማሙ። ውሉ በተፈረመ ሰሞን ይዛወር። ሰው ቢገጭ፣ ቅጣት ቢመጣ፣ ሻጩ አገር ቢለቅ የሚከተለው ጣጣ ብዙ ነው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ያገለገለ ከሆነ ዘይት፣ ፊልትሮዎችና የፍሬን ዘይት በቅድሚያ ይቀየሩ፣ ሻጩ «አሁን ነው የቀየርኩት» ቢልም። ከዚያ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ውጡ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ቀጥሎ የሥራ መንገዳችሁን፣ ቀጥሎ ማታ፣ ቀጥሎ ዝናብ ላይ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የአዳማ ፍጥነት መንገድ ለመጨረሻ አቆዩት። ከቱሉ ዲምቱ ከመግባታችሁ በፊት የጎማውን ነፋስ በሹፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ አስለኩ። ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ ቢነግራችሁ አትቀበሉት።

ከእንጦጦ ወይም ከሱሉልታ ስትወርዱ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትጨርሱት። ማንዋል ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያዙ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው አውርዱት፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ኃይል መላሹን፣ ማለትም መኪናውን እየያዘ ባትሪውን የሚሞላውን፣ ከፍ አድርጉ። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ፍሬኑ ግሏል። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ራሱ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ አታፍስሱበት።